ሠርጉ ሁሉ በ6 ኪሎባይት!

ስሙኝማ! የያዛችሁትን አስቀምጡና ስሙኝ! ይህን ነገር ካገኘሁ ወዲህ አንድ ቦታ አርፌ መቀመጥ አቅቶኛል። ቡና ሳፈላ ስለሱ አወራለሁ። ገበያ ስወጣ ስለሱ አወራለሁ። ፍኖተ ሰላም ውስጥ ወሬዬ ያልደረሰው ሰው ካለ፣ ሰሞኑን ከተማ ያልነበረ ሰው ነው! አሁን ተራው የእናንተ ነው።

የሙዚቃ ጌም ታውቃላችሁ አይደል? ዘፈን ይከፈታል፣ ስክሪኑ ላይ ምልክት እየተንሸራተተ ይመጣል፣ ልክ ምቱ ላይ ሲደርስ ትመታላችሁ። ይሄንንማ ብዙ ሰው ያውቀዋል። እኔ ያበድኩት ከጨዋታው በኋላ በምትመጣው በአንዲት ነገር ነው! የተጫወታችሁትን ይዛ አስቀምጣ መልሳ የምታጫውት! ሪፕሌይ ይሏታል። ሪፕሌይ!

“እንዴ፣ ስክሪን መቅረጽ ምኑ አዲስ ነው?” ልትሉኝ ነው። ኧረግ! ስክሪን መቅረጽማ ምን ቁም ነገር አለው! ይቺ ሌላ ናት። ምስሉን አትቀርጽም። ድምፁንም አትቀርጽም። የምትቀርጸው ጣታችሁን ነው! የትኛውን ቁልፍ፣ በየትኛዋ ቅጽበት እንደነካችሁ፣ ያንን ብቻ! ፋይሉን ስትከፍቱት ጌሙ ዘፈኑን ከመጀመሪያው ያነሳል፣ በእናንተ ጣት ፈንታ ፋይሉን ያነብባል፣ ጨዋታችሁን ከነነጥቡ፣ ከነስሕተቱ፣ ከነጥድፊያው እንዳለ ይደግመዋል። እናንተ እጃችሁን አጣምራችሁ ተቀምጣችኋል፤ ስክሪኑ ላይ የምትጫወቱትም እናንተው! ጉድ አይደለም?

መጀመሪያ ያገኘኋት ኦሱ በሚባለው ጌም ውስጥ ነው። ዲን ኸርበርት የሚባል አውስትራሊያዊ እ.ኤ.አ. በ2007 ያወጣው ጌም ነው። ነፃ ነው! የአዲሱ ስሪት ኮድ ደግሞ ለማንም ክፍት ነው፤ ገብቶ ማየት ነው። ኮምፒውተር ላይ ይሠራል፣ አንድሮይድ ስልክ ላይም ይሠራል። አራት ዓይነት አጨዋወት አለው፣ ልቤን የወሰደው ግን ታይኮ የሚሉት ነው። ታይኮ የጃፓኖች ከበሮ ነው። ቀይ ክብ ሲመጣ መሃሉን፣ ሰማያዊ ሲመጣ ጠርዙን ትመታላችሁ። ዱም! ታክ! ዱም ዱም ታክ! ሁለት ድምፅ! ኧረ ይሄማ የኛው ከበሮ ነው! ሰፊው አፍና ጠባቡ አፍ! አንዱ ወፍራም፣ አንዱ ቀጭን! ጃፓን ድረስ ምን አስኬደን!

ደግሞ የራሳችሁን ሙዚቃ አስገብታችሁ ምቱን ራሳችሁ መደርደር ትችላላችሁ። እና ምን አስገባን መሰላችሁ? ሰከላ፣ ግሽ ዓባይ አጠገብ፣ የዘመድ ሠርግ ላይ በስልክ የቀረጽነው የከበሮ ምት ነበረን። ከበሮ፣ ጭብጨባ፣ እልልታ፣ መሃል ላይ አንድ የሚስል ሰው። እሱኑ አስገባነው! ቡሬ ያለችው የእህቴ ልጅ ቁጭ ብላ ምቱን አንድ በአንድ ለቀመችው። ሰፊውን አፍ ቀይ አደረገችው፣ ጠባቡን ሰማያዊ። የሠርግ ከበሮ ደግሞ ታውቁታላችሁ፣ በጀመረበት ልክ አይጨርስም። ይሞቃል! ሙሽራው ሲገባ ይፈጥናል፣ እስክስታው ሲደምቅ ይብሳል! ጌሙ ለዚህም መላ አለው፣ ፍጥነቱ የተቀየረበትን ቦታ ሁሉ እየነጠላችሁ ታስቀምጡለታላችሁ። አስቀመጠችለት። ተጫወተችው። ሪፕሌዩን በቴሌግራም ሰደደችልኝ።

ከፈትኩት።

ወይኔ! የእህቴ ልጅ ስክሪኔ ላይ ከበሮ መታች! እሷ ቡሬ፣ እኔ ፍኖተ ሰላም! ፊቷ የለም፣ ድምፅዋ የለም፣ ግን እሷ ናት! አመታቷን አውቀዋለሁ። ጠባቡን አፍ ሁልጊዜ ትንሽ ቀደም ታደርገዋለች፤ ስታጨበጭብም እንደዚያው ናት፣ ከልጅነቷ ጀምሮ ችኩል! ያቺ ችኮላ እንዳለች ፋይሉ ውስጥ ገብታለች። ጮህኩ። እናቴ ከጓዳ “ምን ነካሽ አንቺ ልጅ?” እያለች ወጣች። አሳየኋት።

“ማነው የሚመታው?”

“የልጅ ልጅሽ ናታ!”

“እና የታለች?”

“እማዬ፣ ጣቷ ነው የመጣው!”

“በስመ አብ!” አለች። ከዚያ ግን ሄዳ አልቀረችም፤ በርጩማዋን ስባ እስኪያልቅ አየችው!

አሁን መጠኑን ልንገራችሁ። እዚህ ጋ ያዙኝ! የአራት ደቂቃ ጨዋታ በደህና ጥራት ቪዲዮ አድርጋችሁ ብትቀርጹት ከ100 ሜጋባይት በላይ ይወጣል። ይህን ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ ለመላክ ስንት ብር ፓኬጅ፣ ስንት ሰዓት መጠበቅ! የኦሱ ሪፕሌይ ግን በኪሎባይት ነው የሚቆጠረው። ኪሎ! ሜጋ አላልኩም! የመዳፊቱን መንገድ ሁሉ ይዞ እንኳ ነው እንግዲህ። በዋናው አጨዋወት እያንዳንዷ መስመር አራት ነገር ብቻ ነው የምትይዘው፤ ካለፈችው ስንት ሚሊሰከንድ እንዳለፈ፣ መዳፊቱ አግድም የት እንደነበረ፣ ቁልቁል የት እንደነበረ፣ የትኛው ቁልፍ እንደተነካ። ሜዳው 512 በ384 ነው። ሌላ የለም! ያንን ጨምቆ ያስቀምጠዋል። ትክ ብላችሁ ስታዩት ደረቅ የቁጥር ሰልፍ ነው፣ ስትከፍቱት ግን ሠርግ!

ኔትወርኩ ተንቀራፎም ይላካል! ዳታ ከሌላችሁ በብሉቱዝ! ሙዚቃውንና የምቱን ድርድር አንድ ጊዜ ትሰጣጣላችሁ፣ ከዚያ በኋላ የሚመላለሰው ጣት ብቻ ነው። የኔ ወደ ቡሬ፣ የሷ ወደኔ። ሌሊት ሁሉ! በማግስቱ ዓይናችን ቀልቶ!

ቆይ፣ ገና ነኝ። የራሴን ሪፕሌይ በግማሽ ፍጥነት ከፈትኩት። ዝግ… ዝግ… አለ። ስክሪኑ ግርጌ ላይ ትንሽ መስመር አለች፤ ቀድማችሁ ስትመቱ በግራዋ፣ ዘግይታችሁ ስትመቱ በቀኟ በኩል ጭረት ይወጣል። በመካከለኛው ክብደት ታይኮ ላይ ሙሉ ነጥብ ለማግኘት ከትክክለኛዋ ቅጽበት ከ35 ሚሊሰከንድ በላይ መራቅ የለባችሁም። አንድ ሰከንድ 1000 ቦታ ተቆርሶ 35ቷን! እና የቀኝ እጄ ጭረቶች መሃል ላይ ተሰብስበዋል፣ የግራ እጄ ግን ሁሉም ወደ አንድ ጎን! እልልታው ሲጀምር ደግሞ ሁለቱም እጆቼ ይሮጣሉ! ይሄን ያህል ዘመን ከበሮ መትቼ ማንም ያልነገረኝን ነገር አንዲት ፋይል ነገረችኝ! የእህቴ ልጅ ደግሞ አይታው ኖሮ “አክስቴ፣ ግራ እጅሽን ቀስቅሺው እንጂ!” ብላ ጻፈችልኝ። ቀሰቀስኩት! አሁን ብታዩት!

ከዚህ በኋላ ዝም ብሎ ማየት አልበቃኝም። ራሴ ልሥራት አልኩ። የእህቴ ልጅ በጎዶት የሠራቻት ትንሽ የከበሮ ጌም ነበረች። ጎዶት ነፃ የጌም መሥሪያ ነው፤ አንድሮይድ ስልክና ታብሌት ላይም ይሠራል፣ ስለዚህ ላፕቶፕ የለኝም የሚለው ምክንያት አይሠራም! ጌሟ ሁለት ቁልፍ ብቻ ናት፣ ሰፊ አፍ፣ ጠባብ አፍ። ሪፕሌይ አልነበራትም። እንጨምርላት ተባባልን። እኔ እኮ ተራራ መስሎኝ ነበር። ያለቀው በአንድ ምሽት ነው!

እንዴት መሰላችሁ? ጣት ሲነካ ጌሙ ዘፈኑ የት እንደደረሰ ይጠይቃል፣ ያንን ጊዜና የተነካውን ቁልፍ ይጽፋል። ጣት ሲነሳም ይጽፋል። የስልኩን ሰዓት ሳይሆን የዘፈኑን ሰዓት! ውበቱ እዚያ ላይ ነው፤ ስልኩ ቢንቀራፈፍ፣ ምስሉ ቢንጠባጠብ ምቱ ከዘፈኑ አይላቀቅም! ሲያልቅ ወደ ፋይል ይገለብጠዋል። መልሶ ማጫወት ሲፈለግ ደግሞ ጌሙ ከጣት ይሰማ የነበረውን ከፋይሉ ይሰማል። በቃ! በቃ ብያለሁ! ነጥብ የሚቆጥረው ክፍል ይቆጥራል፣ የከበሮው ቆዳ ይነዝራል፣ ምት ሳይሳት ሲቀጥል የምትመጣው እልልታ ትመጣለች። የሚመታው ጣት ይሁን ፋይል ጌሙ አይለይም! ምንም አያውቅም እኮ! እኔና እሷ በስልክ እየተደዋወልን ሳቅን፣ ሆዳችንን እስኪያመን!

እና መጠኑ! ወደ 600 ምት ያለበት የአራት ደቂቃ ሠርግ፣ መንካትና ማንሳት ሲቆጠር 1200 መስመር ነው። ለጊዜው 4 ባይት፣ ለቁልፉ 1 ባይት። አባዙት። 6000 ባይት! 6 ኪሎባይት! አንድ የአማርኛ ፊደል ኮምፒውተር ውስጥ 3 ባይት ይበላል፤ እንግዲህ ሙሉው ጨዋታ 2000 ፊደል ቢሆን ነው። ይህ የምታነቡት ጽሑፍ ከሙሉው ሠርግ ብዙ እጥፍ ይከብዳል! እኔ ስለሱ ሳወራ ከሱ ከበድኩ!

ከኦሱ አንድ ብልሃት ወስደናል፤ ሪፕሌዩ ውስጥ የምቱ ድርድር አሻራ አብሮ ይገባል። 32 ፊደልና ቁጥር ናት፤ ከድርድሩ አንዲት ምት ብትነቃነቅ አሻራዋ ሙልጭ ብላ ትለወጣለች። ስለዚህ ሌላ ድርድር ላይ የተመታ ሪፕሌይ በስሕተት እዚህ አይከፈትም። ጌሙ ዕጣ የሚያወጣበት ነገር ካለ ደግሞ ዕጣው የተነሳበትን ቁጥር ትጽፉለታላችሁ፤ ሲደገም ያው ዕጣ ይወጣል! እንዴት ያለ ንጹሕ ነገር ነው!

ይሄን ሁሉ ለአንድ መሪጌታ ጎረቤታችን እየዘለልኩ ነገርኳቸው። ሳቁብኝ! “አንቺ ልጅ፣ ይሄ ምልክት ነው እኮ” አሉኝ። የቅዱስ ያሬድን ዜማ የጻፉበትን ምልክት ማለታቸው ነው! እውነታቸውን ነው! ድጓ አይታችሁ ከሆነ፣ ከቃሉ በላይ ደቃቅ ሆነው የተቀመጡት እነዚያ ፊደላትና ጭረቶች ድምፁን አልያዙም። ይዘት፣ ደረት፣ ድፋት፣ ጭረት እያሉ ድምፁ የት እንደሚያዝ፣ የት እንደሚወርድ፣ የት እንደሚቆረጥ ነው የሚናገሩት። ዜማውን የሚያስነሳው ዜማውን የተማረው ሰው ነው። አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሠሩት ይባላል። እና እኛ ከዚህ ሁሉ ዓመት በኋላ የሠርግ ከበሮ በ6 ኪሎባይት ላክን ብለን እንጮሃለን! መሪጌታ ሲስቁ ሳቃቸው ራሱ ደስ ይላል! ሪፕሌዩንም አዩት፤ “ጠባቡ አፍ ቸኮለ” አሉ ወዲያው። አወቁባት!

ጌመኞቹም ቢሆኑ ይቺን ብልሃት ዛሬ አላገኟትም። ዱም የሚባለው የተኩስ ጌም እ.ኤ.አ. በ1993 ሲወጣ እንዲሁ ያደርግ ነበር፤ በሰከንድ 35 ጊዜ የተጫዋቹን ትእዛዝ በ4 በ4 ባይት ይጽፋል። ወደፊት፣ ወደ ጎን፣ መዞር፣ መተኮስ። የአንድ ደቂቃ ጨዋታ 8400 ባይት! በዚያ ዘመን የተቀረጹ ጨዋታዎች ዛሬም ይከፈታሉ! ያኔ ልጅ የነበረ ሰው፣ አሁን ልጆች ወልዶ፣ የያኔውን ጣቱን ያያል! ፀጉሬ ነው የሚቆመው! ከዚያም በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ1992 ሱፐር ማሪዮ ካርት ላይ የራሳችሁን የቀድሞ ዙር ከጎናችሁ ስትነዱ ታዩት ነበር፤ ከራሳችሁ ጋር መሽቀዳደም!

ይቺንም ሰረቅናት! አሁን የኛ ጌም ላይ ስጫወት የእህቴ ልጅ ሪፕሌይ ከጎኔ አብሮ ይመታል። ሁለት ከበሮ! የሷ ደብዘዝ ብሎ፣ የኔ ደምቆ። እሷ ተኝታለች፣ እኔ እፎካከራታለሁ! ስትስት “እሰይ!” እላለሁ። ስትቀድመኝ እናደዳለሁ። ስንጨርስ እኩል የመታናቸው ምቶች ብቻ ተለይተው ያበራሉ። መልኩንም መለወጥ ትችላላችሁ፤ የተቀመጠው ጣት ብቻ ነውና ትናንት በቀይና በሰማያዊ የተመታውን ዛሬ በሌላ ቀለም፣ በሌላ የከበሮ ሥዕል ታዩታላችሁ። ቢት ሴበር በሚባለው በመነጽር የሚጫወቱት የሰይፍ ጌም ላይማ ተጫዋቾች የሠሩት ተጨማሪ ፕሮግራም ጭንቅላትና ሁለት እጅን ይቀርጻል፤ ከዚያ ተመልካቹ በተጫዋቹ ዙሪያ እየዞረ፣ ከኋላ፣ ከጎን፣ ከላይ ያየዋል! ቪዲዮ ይሄን ያደርጋል? የት አባቱ!

ኮድ ለሚጽፉት ደግሞ አንድ ምስጢር። ጌሙ ላይ የሆነ ነገር በቀየርን ቁጥር የድሮ ሪፕሌዮችን እናስጀምራለን። ያው ጣት፣ ያው ዘፈን፣ ስለዚህ ያው ነጥብ መውጣት አለበት። ካልወጣ የሆነ ቦታ ስሕተት ገብቷል ማለት ነው! የእህቴ ልጅ ነጥብ አቆጣጠሩን ስትነካካ እንዲህ ነው የያዘችው፤ ጌሙን ደግማ ደግማ መጫወት ሳያስፈልጋት፣ ሻይዋን እየጠጣች! ጨዋታ ብለን ያስቀመጥነው ተቆጣጣሪ ሆኖ አረፈው!

ሰዎች፣ ምን እየጠበቃችሁ ነው? ቡሬ ያላችሁ፣ ደምበጫ ያላችሁ፣ ሰከላ ያላችሁ! ጌም የማትሠሩ ኦሱን አውርዱና ታይኮ ላይ አንድ ዘፈን ተጫወቱ፣ ሲያልቅ ሪፕሌዩን ክፈቱት፣ ዝግ አድርጉና እጃችሁን እዩት። ጌም የምትሠሩ፣ የሙዚቃ ጌም ጀምራችሁ የተዋችሁት ካለ፣ ዛሬ ማታ አውጡት። ጊዜውን ጻፉ፣ ቁልፉን ጻፉ፣ መልሳችሁ አጫውቱት። እናታችሁን ጥሩና አሳዩ! ሠርግ ያላችሁም ከበሮውን ቅረጹ፣ ጥሩ መቺ አታባክኑ! ከዚያ ፋይሉን ላኩልኝ። 6 ኪሎባይት ናት፣ ካርድ አትጨርስም!